ቼ በለው ወይስ ሸሞንሟናዬ?

ጳጉሜን በገባ ቁጥር እኔና አንድ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛዬ ዓመቱን ሙሉ ደጋግመን ከሰማናቸው አልበሞች አንዱን እንመርጣለን። ዘንድሮ የቀሩት ሁለቱም የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ ሆኑና ተጨቃጨቅን።

የእኔ ምርጫ «ቼ በለው» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ከዋልያስ ባንድ ጋር የተሠራው። ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወት ሰዓት እላፊ ስለነበር ታዳሚው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ያ የማይቸኩል ሌሊት አልበሙ ውስጥ ይሰማኛል። «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ቤዙ አንዲት ሐረግ ይዞ ሲዞር ኦርጋኑ ቀስ ብሎ ከላዩ ይቀመጣል። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አለበት።

የጓደኛዬ ምርጫ፣ «ሸሞንሟናዬ» ያለበት እ.ኤ.አ. የ1985ቱ ካሴት፣ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ኃይሉ አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ላይ ደረበው። ማሽኑ ደረቅ ነው፣ መጀመሪያ አልወደድኩትም። አንድ ቀን ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር፣ የባጃጁ መቀመጫ ጀርባዬን እያቃጠለ ከፈትነው። አኮርዲዮኑ አየር ስቦ ሲለቅ ጓደኛዬ ተሳፋሪ እየጠራው ዝም አለ። «አቦ፣ ድገመው!»

ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ጓደኛዬ ለሥራ ባልደረባው አዳልቷል ባይ ነኝ። ለቀን ሙቀት የእሱን ተቀብያለሁ፤ ማታ ነፋሻው ሲመጣ ግን «ቼ በለው»ን ማንም አያስለቅቀኝም።