«ብዙም አልተነዳችም» የምትባለውን የስፖርት መኪና ተጠንቀቁ

የስፖርት መኪና ልትገዙ ለምታስቡ፣ በተለይም ልጆች አድገውላችሁ፣ ዕዳው አልቆላችሁ፣ «እንግዲህ ደግሞ ለራሴ» ላላችሁ ነው ይህን የምጽፈው። ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አለ። ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ነው፣ ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ባለቤቷ አንድ ጨዋ አዛውንት ናቸው፣ ዝናብ ነክቷት አያውቅም። «ስላልተነዳች» ዋጋዋ ከእኩዮቿ ከፍ ይላል። ውሉ ላይ ደግሞ ወደ ታች ገደማ «ገዢው መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ ተረክቧል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል። ትንሽ ኪሎ ሜትር፣ ትልቅ ዋጋና «ባለችበት ሁኔታ» የሚለው ቃል አንድ ላይ ከገጠሟችሁ ቀብድ አትክፈሉ። ቢያንስ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ።

ብዙ ሰው ቆማ የኖረች መኪና ያላረጀች ይመስለዋል። መኪና በኪሎ ሜትርም በዓመትም ታረጃለች። የፍሬን ዘይት መኪናዋ ብትቆምም ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። እርጥበት የገባበት ዘይት በኃይለኛ ፍሬን ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ሰልባቲዮ ውስጥ የከረመ ቤንዚን ይበላሻል። የዘይት ማገጃ ጎሚኒዎች ይደርቃሉ። ሽቦ የቀመሰ አይጥም አይታጣም። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ሁሉ በአሥር ደቂቃ ሙከራ አለመታየቱ ነው። ዘይት መንጠባጠብ የሚጀምረው ገዝታችሁ፣ አዘውትራችሁ መንዳት ስትጀምሩ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ ጋ ብትደውሉ «እኛ ጋ እያለች ደህና ነበረች» ይላችኋል። እውነቱንም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ጋ እያለች አልተነዳችማ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ጎማው ነው። ጥርሱ ያልተነካ፣ በቅባት ተወልውሎ ጥቁር ብሎ የሚያምር ጎማ ውስጡ የደረቀ ሊሆን ይችላል። የጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለው የምርት ቁጥር አለ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2314 ከሆነ በ2014 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሩ አንዳንድ ጊዜ ወደ ውስጥ በዞረው ጎን ብቻ ስለሚገኝ ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉት፤ ሻጩ «ልብስዎ ይቆሽሻል» ቢልም።

ተዋናዩ ፖል ዎከር በኖቬምበር 2013 በተሳፋሪነት በነበረባት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ውስጥ ሕይወቱ ያለፈበትን አደጋ የመረመሩት ሰዎች ዋናው ምክንያት ከልክ ያለፈ ፍጥነት ነው ብለው ደምድመዋል። በዚያው ሪፖርት ላይ ግን ጎማዎቹ ከ9 ዓመት በላይ የቆዩ እንደነበሩና ይህም የመኪናዋን አያያዝ ሊያበላሽ እንደሚችል ተጠቅሷል። ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ስትንሸራተት ሚዛኗን የሚያስጠብቅ ኤሌክትሮኒክስ የሌላት መኪና ነበረች። እንዲህ ያለ ጉልበት ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው በእነዚያ አራት ጎማዎች ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያረጀ ጎማ ያላት «አዲስ» መኪና ስትቀርብላችሁ ሙከራውን እንኳ በዝግታ አድርጉት።

የሞተር ቺንጋም (ታይሚንግ ቤልት የሚባለው) እንደዚሁ በዓመት የሚቆጠር ዕቃ ነው። ከ1994 እስከ 1999 የተመረተችው ፌራሪ 355 ላይ ይህን ቺንጋ ለመቀየር ሞተሩ ከነአካቴው ከመኪናዋ መውረድ አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ያበቃለታል። ስለዚህ «ከተቀየረ ወዲህ ብዙም አልተነዳችም» የሚለው መልስ አይበቃም፤ የምትጠይቁት መቼ እንደተቀየረ ነው፣ መልሱም ቀን ያለበት ወረቀት ነው። ፖርሽ 911ም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲገጠምለት፣ እሱና ቦክስተር የሚባለው ሌላው ፖርሽ ሞተሩ ውስጥ ባለች አንዲት ኩሽኔታ ምክንያት ስማቸው ተነሥቷል። አይ ኤም ኤስ እያሉ የሚጠሯት ናት፤ ስትሰበር ሞተሩን ይዛ ትሄዳለች። ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት አልቋል። ያልተነዳች መሆኗ ከዚህ አያድንም። መካኒኩ የዘይት ፊልትሮውን ቆርጦ ውስጡ የብረት ብናኝ እንዳለ ይመልከት። በዚያው ዘመን የወጡት ተርቦና ጂቲ 3 የሚባሉት 911ዎች ግን ሌላ ሞተር ስላላቸው ይህ አይመለከታቸውም፤ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያማ መካኒክ ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

አሁን ወደ ሻጩ። አንዲቷ መኪና ለሦስት ሰው በሦስት አፍ ትሸጣለች። ለ24 ዓመቱ ወጣት «በወር ይህችን ብቻ» ይባላል፣ ጠቅላላ ዋጋው አይነሣም። ለ45 ዓመቱ «ስንት ዘመን ለሰው ኖርክ፣ ይገባሃል» ይባላል። ለ65 ዓመቱ ሰው ደግሞ ድምፁ ሁሉ ይለወጣል፦ «እርስዎን የመሰለ አዋቂ ነው የምንፈልገው፤ ዋጋዋ እየጨመረ ስለሚሄድ ለልጆችም ትተርፋለች።» ሦስቱም ንግግሮች ስለ ገዢው ናቸው። ስለ መኪናዋ የተነገረ ነገር እንደሌለ ልብ በሉ።

ወጣቱን የሚጎዳው ብድሩ ነው። በ24 ዓመታችሁ የ7 ዓመት ብድር ከወሰዳችሁ 31 እስክትሞሉ ትከፍላላችሁ። መኪናዋ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋዋ የሚወርደው ዕዳው ከሚቀንሰው ይበልጥ ፈጥኖ ስለሆነ፣ መሀል ላይ ልሽጣት ብትሉ የተሸጠችበት ገንዘብ ዕዳውን አይዘጋም። አንዳንዱ ውል ደግሞ ወርኃዊው ክፍያ ቀላል እንዲመስል ትልቁን ድርሻ መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ኢንሹራንስ አለ። ከ25 ዓመት በታች ላለ ሾፌር፣ ለዚያውም በስፖርት መኪና፣ የሚጠየቀው ገንዘብ ከወር ክፍያው ጋር የሚፎካከርበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ኢንሹራንሱን ጠይቁ፣ መኪናዋን ቀጥሎ እዩ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሁሉ ውሉን ከፈረመ በኋላ ነው የሚያውቀው።

ርካሽ ጉልበትም ወጣቱን ያማልላል። ከ2003 እስከ 2012 የተሠራችው ማዝዳ አርኤክስ 8 በርካሽ የምትገኝበት ምክንያት አላት። ሞተሯ ፒስተን የለውም፣ የሚሽከረከር ነው፤ በተፈጥሮው ዘይት ያቃጥላል፣ ማገጃዎቹ ሲያልቁ ደግሞ ግፊቱ ይወድቃል። ይህ ግፊት የሚለካው ለዚሁ ሞተር በተሠራ መሣሪያ ነው፣ በተራው መለኪያ የተገኘ ውጤት ያሳስታል። ማርሚታዋ የተቀየረ፣ ወደ መሬት ዝቅ የተደረገች፣ ኮምፒዩተሯ የተነካካ መኪናም እንዲሁ ነው፤ የጨመሩትን ጉልበት ሞተሩ ከዕድሜው ይከፍለዋል። ለውጡን ሳታሳውቁ ኢንሹራንስ ከገባችሁም አደጋ ሲደርስ ካሣ ልትከለከሉ ትችላላችሁ። በዚህ ዕድሜ ደስታ ከፈለጋችሁ ቀላልና ጉልበቷ መጠነኛ የሆነች ያልተነካካች መኪና ውሰዱ። ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ከ1989 ጀምሮ የምትሠራው በዚህ ሐሳብ ነው፤ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ነው፣ በ2016 ከሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ጉልበቷ ልክ ስላለው ማርሹን እስከ ጥጉ ትጠቀሙበታላችሁ፣ መንዳትም ታስተምራችኋለች። 500 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና መንገድ ላይ የምታስተምራችሁ ትዕግሥት ብቻ ነው።

መካከለኛው ዕድሜ ላይ ብዙ አልቆይም። የዚህ ሰው ችግር ጊዜ ማጣት ነው። ይገዛታል፣ ሁለት በጋ ይደሰትባታል፣ ከዚያ ሥራና የልጆች ትምህርት ቤት ይበልጡና ልብስ ለብሳ ትቆማለች። ከዓመታት በኋላ «ብዙም አልተነዳችም» ተብላ ለ65 ዓመቱ ሰው የምትቀርበው ይህችው ናት። ጨዋው አዛውንት የሚባሉት ባለቤት ብዙ ጊዜ ጊዜ የሌለው የ45 ዓመት ሰው ነው፤ መኪናዋን ያልነዳትም፣ ዘይቷን ያልቀየረውም በአንድ ምክንያት ነው።

ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ ደግሞ ማንም «ምን አደከመዎት» ቢላችሁ አትስሙት። ተዋናዩ ፖል ኒውማን በ1995 በ70 ዓመቱ በዴይቶና የ24 ሰዓት ውድድር ከቡድኑ ጋር በምድቡ አሸንፏል። ጥያቄው የምትገዟት መኪና ለአካላችሁ ትመቻለች ወይ ነው፤ ይህን ደግሞ ሻጩ ፈጽሞ አያነሣውም። ወንበሩ መሬት አጠገብ ነው፣ በጎኑ ያለው ጠርዝ ከፍ ይላል። ማንም እጃችሁን ሳይዝ ደጋግማችሁ ግቡና ውጡ። ከዚያ ከጎኗ ሌላ መኪና አስጠግታችሁ አቁሙና እንደገና ሞክሩ፤ ሁለት በር ብቻ ያላት መኪና በሯ ረጅም ስለሆነ ጠባብ ቦታ ላይ ግማሹን እንኳ አይከፈትም፣ በግማሽ በር ከዚያ ዝቅታ መውጣት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፍሪሲዮኑን መኪና በተጨናነቀበት ሰዓት ሞክሩት። በምሽትም ንዱ፤ ዝቅ ብላችሁ ስለምትቀመጡ የትልልቅ መኪናዎች መብራት በቀጥታ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰዓት ያልተነዳ ሙከራ ስለ ወገብ ምንም አይናገርም። «ከአሥር ደቂቃ በላይ አንፈቅድም» ካሉ የአንድ ሰዓት ኪራይ ክፈሉና ውሰዷት፣ ያንንም እምቢ ካሉ ተዉአት።

«ዋጋዋ ይጨምራል» የሚለውን በተመለከተ፣ የሚጨምሩ መኪናዎች አሉ፤ በቁጥር ተወስነው የተሠሩና ታሪካቸው በወረቀት የተሟላ ናቸው። አብዛኛው የስፖርት መኪና ግን እንደማንኛውም መኪና ይወርዳል። የሚጨምረውም ቢሆን ኢንሹራንሱ፣ ማቆሚያው፣ ዓመታዊ ጥገናው ይቀነስለታል፤ በዚያ ላይ ዋጋዋ እንዳይወርድ ብላችሁ አትነዷትም። ታዲያ ለምን ገዛችኋት?

ስታዩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ከመድረሳችሁ በፊት አሙቀው የሚጠብቁ ሻጮች አሉ፣ ምክንያቱም ጭስና መንኳኳት የሚሰማው በብዛት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ነው። ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አሳርፉ፤ ሞቅ ካለ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ በሉ። የሻንሲ ቁጥሩን በሩ አጠገብ፣ መስታወቱ ሥርና ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪናዎች ላይ ከ1981 ወዲህ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ነው፣ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ አይገቡም፤ ከገቡ ወይ ተሳስቶ ተገልብጧል ወይ ተነካክቷል። የፔዳሉ ጎሚኒ ተልጦ፣ የወንበሩ ጠርዝ ተበልቶ፣ ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር ካሳየ ደግሞ የምታምኑት ፔዳሉን ነው። መካኒኩን እናንተ ምረጡ፤ «የኛ መካኒክ አይቷታል» ማለት አልታየችም ማለት ነው።

አንድ ያልተለመደ ጥያቄም ጨምሩ፦ መኪናዋ የማን ናት? ብዙዎቹ ሻጮች በኮሚሽን የሚሸጡ ናቸው፤ የባለቤቱን ቃል ያስተላልፋሉ እንጂ ራሳቸው ምንም አላሉም። ችግር ሲመጣ ባለቤቱ «ለሻጩ ነግሬዋለሁ»፣ ሻጩ «ባለቤቱ አልነገረኝም» ይላል። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ሲሉም የቸኮለ አፍሶ ለቀመን አስታውሱና ቀብዱ የሚመለስበት ሁኔታ በጽሑፍ ካልሰፈረ አትክፈሉ።

እኔ ብጠየቅ 12,000 ኪሎ ሜትር ሄዳ ወረቀት ከሌላት ይልቅ 90,000 ሄዳ በየዓመቱ የተጠገነችበት ደረሰኝ ያላትን እመርጣለሁ። ትንሽ የተነዳች ሆና ደረሰኟ የተሟላ ከሆነ ግዟት፣ ግን አራት ጎማ፣ የፍሬን ዘይት፣ ቺንጋና ባትሪ ስንት እንደሚያወጡ አስልታችሁ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነም ጎማውና የፍሬን ዘይቱ ሳይታዩ በፍጥነት አትንዷት። ማስታወቂያውን፣ ፎቶዎቹንና የተጻጻፋችሁትን መልእክት ሳይጠፋ አስቀምጡ፤ ውሉ «ባለችበት ሁኔታ» ቢልም ሻጩ በጽሑፍ የተናገረው ውሸት በብዙ አገር ሕግ ፊት የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ ጠበቃ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።