እርጎን ከኩባያ ወደ ግራም፦ የአንድ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ግምገማ

የእርጎ ኬክ ደጋግሜ ስለምጋግር፣ አዘገጃጀቱ «አንድ ኩባያ እርጎ» ባለ ቁጥር የትኛው ኩባያ እንደሆነ ግራ እጋባ ነበር። የአሜሪካው ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ሲይዝ የአውስትራሊያው 250 ይይዛል፤ የቤታችን የሻይ ብርጭቆ ግን ከሁለቱም አይገጥምም። ከስምንት ወር በፊት እስከ 5 ኪሎ የሚመዝንና በ1 ግራም ልዩነት የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን የገዛሁት ከዚህ ችግር ለመገላገል ነው።

ሚዛኑ ከግራም ወደ ሚሊ ሊትር የሚቀይር ቁልፍ አለው፤ ካርቶኑም ፈሳሽ እንደሚለካ ይናገራል። ይሁን እንጂ ሚዛን የሚያውቀው ክብደትን ብቻ በመሆኑ፣ ይህ ቁልፍ የሚሠራው የተቀመጠበትን ነገር ሁሉ ውሃ ነው ብሎ በመገመት፣ 1 ግራምን እንደ 1 ሚሊ ሊትር በመቁጠር ነው። አንድ ሚሊ ሊትር እርጎ 1.03 ግራም ገደማ ስለሚመዝን በእርጎ ላይ ስሕተቱ ጥቂት ነው፤ በማር ላይ ግን ከባድ ነው። በዚሁ ቁልፍ 250 ሚሊ ሊትር ማር ብዬ የለካሁት በእውነቱ 176 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ስለነበር ኬኩ ደርቆ ወጣ። ይህን በካርቶኑ ላይ አለመግለጽ የአምራቹ ጥፋት ነው እላለሁ።

በግራም ሲመዝን ግን ታማኝ ነው። ሳህኑን አስቀምጬ ወደ ዜሮ ከመለስኩት በኋላ፣ አጓቱ ተለይቶ እንዳይቀር በደንብ ያማሰልኩትን የቤት እርጎ በ240 ሚሊ ሊትር ኩባያ አፍ እስከ አፍ ሞልቼ ስገለብጥ 247 ግራም አነበበ፤ ይህም ከስሌቱ ጋር ይስማማል። በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ ያወፈርኩትን እርጎ በማንኪያ እየጨለፍኩ ስሞላው ግን 228 ግራም ብቻ ሆነ። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጌ መታ መታ ሳደርገው በውስጡ የታመቀው አየር ወጥቶ እርጎው ዝቅ አለና አንድ የሾርባ ማንኪያ ተጨማሪ ያዘ። ወፍራም እርጎን በኩባያ የሚለካ ሰው አንድ ቀን የሠራውን ኬክ በሌላ ቀን ሊደግመው የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካ የምትኖር እኅቴም ይኸው ሚዛን ጠቅሟታል። እዚያ እርጎ የሚሸጠው በክብደት በመሆኑ 32 አውንስ የተባለው ዕቃ 907 ግራም ነው፤ እርሷ ግን ክብደትን ሳይሆን ይዘትን የሚለካው የፈሳሽ አውንስ መስሏት አራት ሙሉ ኩባያ ትጠብቅ ነበር። የአሜሪካ አንድ ኩባያ እርጎ 245 ግራም ያህል ስለሚመዝን ከዕቃው የሚገኘው 3.7 ኩባያ ገደማ ነው።

ጉድለቶችም አሉት። ከ3 ግራም በታች የሆነውን ቤኪንግ ፓውደር ስለማይሰማው ለእርሱ አሁንም የሻይ ማንኪያ እጠቀማለሁ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ለሁለት ደቂቃ ካልነኩት በራሱ መጥፋቱ ነው፤ እርጎውን ከጨመርኩ በኋላ ዱቄት እየነፋሁ ሲጠፋ የያዘው ዜሮ አብሮ ስለሚጠፋ፣ የባዶ ሳህኑን ክብደት ቀድሞ በወረቀት መያዝ ያስፈልጋል።

በአዘገጃጀቱ ላይ ግራም ተጽፎ ካገኙ በግራም ይሥሩ፤ ኩባያ ብቻ ከተጻፈ ለ240 ሚሊ ሊትር ኩባያ እርጎ 247 ግራም ይመዝኑ፣ የሚሊ ሊትሩን ቁልፍ ግን አይንኩት።