የቻርልሰንና የኤሊክስሃውዘር መለኪያዎች በፓርኪንሰን ሕመም ሲፈተሹ

የሁለት ሆስፒታሎችን የሞት ምጣኔ ከማነጻጸር በፊት የታካሚዎቻቸውን የሕመም ክብደት በስሌት ማቀራረብ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግሉትን ሁለት መለኪያዎች የመረመርኳቸው ፓርኪንሰንን፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚያውከውን የአንጎል ሕመም፣ እንዴት እንደሚይዙ ለማየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 የቀረበው የቻርልሰን መለኪያ 19 ተጓዳኝ ሕመሞችን ይመዝናል። አጭርና ለአሠራር ምቹ ነው፤ ነገር ግን የመርሳት በሽታንና የአንድ ጎን ሽባነትን ሲቆጥር ፓርኪንሰንን ይተወዋል። ይህ ጉድለት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዳሌው ተሰብሮ የሚገባ የፓርኪንሰን ታካሚ የመዋጥ ችግር፣ ሲቆም የሚወርድ የደም ግፊትና ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት የአእምሮ መደናገር ስለሚያሰጉት፣ በዕድሜ እኩያው ከሆነ ሌላ ሰው ጋር አንድ አድርጎ ማስላት እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን አብዝቶ የሚቀበለውን ሆስፒታል ያለጥፋቱ ያስወቅሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኤሊክስሃውዘር መለኪያ 30 ሕመሞችን ስለሚይዝ ይሻላል፤ ፓርኪንሰንም «ሌሎች የነርቭ ሕመሞች» በሚለው ክፍል ውስጥ ይገኛል። ሆኖም ከሚጥል በሽታና ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጋር ተደርቦ አንድ ክብደት ይሰጠዋል። በዚያ ላይ የፓርኪንሰንን ክብደት የሚለካው «ሆን እና ያር» የተባለው አመዳደብ ሕመሙን በ5 ደረጃዎች ሲከፍል፣ መለኪያው እጁ ብቻ የሚንቀጠቀጠውንና ከአልጋ የማይነሣውን አይለይም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ማስተካከያው ከልክ ሲያልፍ ነው። የፓርኪንሰን ዋና መድኃኒት የሆነው ሌቮዶፓ ሰዓቱን ጠብቆ ካልተሰጠ ታካሚው ይገተራል፣ መዋጥ ይቸግረዋል፣ ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባና የሳንባ ምች ሊያመጣበት ይችላል። ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ ወይም ለመረበሽ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ደግሞ እንቅስቃሴን የሚያግዘውን የአንጎል ኬሚካል የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግድ ሕመሙን ያባብሳል። እንዲህ በተኛበት ክፍል የመጣበት የሳንባ ምች ሲገባ ከነበረበት ሕመም ጋር ተደምሮ ከተሰላ፣ የሆስፒታሉ ጥፋት የታካሚው ክብደት ሆኖ ይመዘገባል፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ስለዚህ በመግቢያ ጊዜ የነበረው ሕመም በመዝገቡ ላይ በምልክት ተለይቶ ካልተመለከተ በስተቀር፣ የትኛውንም መለኪያ ለዚህ ንጽጽር አልመክርም።

ምልክቱ ካለ ኤሊክስሃውዘርን እመርጣለሁ፤ ፓርኪንሰን ግን ከጅምላ ክፍሉ ወጥቶ የራሱ ክብደት ሊሰጠው፣ ከሞት ምጣኔው ጎንም ሌቮዶፓ በሰዓቱ የተሰጣቸው ታካሚዎች ድርሻ ሊቀመጥ ይገባል።