ከእርግዝና በፊት ጤና ጣቢያ መሄድ፦ ምን ይገኛል፣ ምን ይጎድላል?

ለማርገዝ ያሰበች ሴት የሚያስፈልጋት አብዛኛው ነገር በመንግሥት ጤና ጣቢያ ይገኛል። ችግሩ አገልግሎቱ በየክፍሉ መበታተኑ ነው። በብዙዎቹ «የቅድመ እርግዝና ምክር» የሚል በር የለም፤ ካርድ ክፍል ላይ «ስታረግዢ ነይ» ተብሎ መመለስም ያጋጥማል። ያኔ ወደ ቤተሰብ ዕቅድ ክፍል እንዲልኳችሁ ጠይቁ። ሎፕም ሆነ ክንድ ላይ የተቀበረው መከላከያ የሚወጣው እዚያው ስለሆነ ምክሩንም አብሮ መጨረስ ይቻላል። የሦስት ወሩን መርፌ ስትወጋ የቆየች ሴት ግን ቀደም ብላ ታስብበት፤ ካቆመች በኋላ ለመፀነስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊወስድባት ይችላል። ይህ መካንነት አይደለም።

ጥሩው ጊዜ ከመፀነስ ሦስት ወር በፊት ነው፤ ዋናው ምክንያት ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ነው። የሚያስፈልገው ከታች የተጠቀሰው ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ ነው። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። እናትየው ያኔ ወር አበባዋ ቀረ ብላ ገና መጠራጠሯ ነው። በሦስተኛው ወር ክትትል የምትጀምር ሴት የሚሰጣት እንክብል ለደም ማነስ ይጠቅማታል፣ ለቱቦው ግን አይደርስም። በእኛ ግምገማ የአገልግሎቱ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው፦ አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበት እንክብል በአብዛኛው የሚታደለው ላረገዙ ነው።

ከፋርማሲ ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። ለአብዛኛዋ ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ይበቃል፤ አንዳንዱ ላይ 0.4 ሚሊግራም ተብሎ ይጻፋል፣ ያው ነው። 5 ሚሊግራም የሚለው ከ12 እጥፍ በላይ ስለሆነ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳል፦ ቀድሞ የኅብለ ሰረሰር ክፍተት ያለበት ፅንስ ላጋጠማት፣ ስኳር ላለባት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ። አይረን ያለበትን እንክብል ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቁት፤ ካልሆነ ሰውነት በደንብ አይወስደውም።

ላቦራቶሪው ላይ የደም መጠን፣ የደም ዓይነት፣ ስኳር፣ ሽንት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ አስመርምሩ። የደም ግፊትም ይለካ። የሴቷ ደም አርኤች ኔጋቲቭ ከሆነ ባልም ይመርመር። የእሱ ፖዘቲቭ ከሆነ የሾተላይ ነገር (የእናት ሰውነት የፅንሱን ደም ማጥቃቱ) ስለሚያሰጋ፣ ይህን ለመከላከል ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው የአንቲ-ዲ መርፌ የት እንደሚገኝ ከወዲሁ አጣሩ። በመጨረሻው ሰዓት ሲፈለግ ቤተሰብ በጣም ይጨነቃል።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዬት፣ ለደም መርጋት የሚሰጠው ዋርፋሪንና ለደም ግፊት የሚሰጠው ኤናላፕሪል ፅንስ ይጎዳሉ፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አደገኛ ነው። እዚህ ላይ የጤና ጣቢያው አቅም ያበቃል፤ ወደ ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ። ሐኪሙ መድኃኒቱን እስኪቀይር ድረስ መከላከያው አይነሣ።