የሳይክል መሪ ኩሽኔታ ሲያልቅ፦ ልቅ ብይ፣ ባለ ቀለበት ወይስ ድፍን?

ድሬዳዋ ሜዳ ናት፤ ለሳይክል ትመቻለች። ከከዚራ ጥላ ወጥቶ ወደ ሳቢያን የሚነዳ ሰው ዳገት አያሰጋውም። የሚያሰጋው የደቻቱ አሸዋ ነው። ሰንሰለቱን ሁላችንም እናጥባለን። መሪው ሥር ያለውን ኩሽኔታ ግን እስኪንቋቋ ድረስ የሚያስታውሰው የለም።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቁት። ሹካው የመሪው ዘንግ ከሚያልፍበት የፊት ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። እዚያ ከተንቀጫቀጨ ወይ ላልቷል ወይ አልቋል። መጀመሪያ ዳዶውን አጥብቃችሁ ሞክሩት፤ እሱ ነፃ ነው። ቀጥሎ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱና መሪውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መሃል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ማጥበቅ አያድነውም። አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብለን ስለምንነዳ ኩሽኔታው ውስጥ ያሉት የብረት ብዮች እዚያው ቆመው ይደበድባሉ። የተቀመጡበት የብረት ሳህን ላይም ትንንሽ ጉድጓድ ያወጣሉ።

ሱቅ ሄዳችሁ "የመሪ ኩሽኔታ" ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጧችሁ ባለ ቀለበቱን ነው። ብዮቹ በቆርቆሮ ቀለበት ተይዘዋል። ለመግጠም ቀላል ነው፤ አይበተንም። ችግሩ ፊትና ጀርባ አለው። እኔ አንድ ጊዜ ለጠጋኝ ሰጥቼ ገልብጦ ገጠመልኝ። ቆርቆሮው ሳህኑን እየፋቀ መሪው እንደ አሮጌ በር ሲያቃስት ሰነበተ። መዞር ያለበት ብዩ እንጂ ቆርቆሮው አይደለም። ከገጠማችሁ በኋላ በእጃችሁ ስታዞሩት ከፋቀ ገልብጡት።

ልቅ ብይ የእኔ ምርጫ ነው። ቀለበቱ የያዘው ቦታ ስለሚለቀቅ ብዙ ብይ ይገባል፤ ጫናውም ይከፋፈላል። ሌላ ጥቅምም አለው። ሳህኑ በትንሹ ከተቆፈረ፣ ቀለበቱን አውጥታችሁ ልቅ ብይ ስትሞሉ ቁጥሩ ስለሚለወጥ ሁሉም ብይ አሮጌው ጉድጓድ ላይ አይገጥምም። ያ ቀጭ የሚለው ነገር በጣም ይቀንሳል። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ግን ራሳችሁን አትሸውዱ፤ ሳህኑም አብሮ ይቀየራል። ስትደረድሩ ጥቅጥቅ አታድርጉት፤ የአንድ ብይ ያህል ክፍተት ይኑር። ግራሶው ብዮቹን ይዞ ያቆማቸዋል። ስትፈቱም ከሥር ጨርቅ አንጥፉ፤ አለበለዚያ ከሰፈር ልጆች ጋር ብይ ፍለጋ ትወርዳላችሁ።

መጠኑን በዓይን አትገምቱ። የተለመደው 5/32 ኢንች ነው፤ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አንዳንዱ ሳይክል ደግሞ 3/16 ኢንች፣ ማለትም 4.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወስዳል። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። አዲስና አሮጌ ብይም አትቀላቅሉ።

ድፍኑ ኩሽኔታ ብዮቹ ውስጡ ታሽገው የሚመጡበት ወጥ ቀለበት ነው። አቧራ በቀላሉ አያስገባም፤ ለድሬ አየር ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲያልቅ አውጥቶ ሌላ መክተት ነው፤ ብይ መቁጠር የለም። ነገር ግን ለልቅ ብይ የተሠራ ሳህን ውስጥ አይገባም። ሙሉውን የመሪ ዕቃ ካልቀየራችሁ በቀር ሐሳቡን ተዉት። ሳይክላችሁ ከፋብሪካው ባለ ድፍን ከሆነ ግን ሌላ አትፈልጉ። የውጭውን ስፋት፣ የውስጡን፣ ቁመቱንና ጎኑ ላይ የተጻፈውን ማዕዘን (36 እና 45 ዓይነት) መዝግቡ። 41 እና 41.8 ሚሊ ሜትር ለዓይን አንድ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይሠራም።

ሐረር ላይ ለምትነዱ አንድ ነገር ልጨምር። መሪው ከላይና ከታች ሁለት ኩሽኔታ አለው፤ ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ስትይዙ ጫናው የሚያርፈው የታችኛው ላይ ነው። ጎማው የሚረጨው ውኃና አሸዋም እሱን ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ብር ካጠረ ጥሩውን ዕቃ ለታች አድርጉት። የላይኛውን በናፍጣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አዲስ ግራሶ ብትቀቡት ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ሹካው ከወጣ አይቀር ደግሞ ከተበሳ ከመነዳሪ አንድ ጣት የሚያህል ቀለበት ቁረጡ። መልሳችሁ ከመግጠማችሁ በፊት የፊት ቱቦው ታች ላይ አጥልቁትና በመጨረሻ የታችኛውን መገጣጠሚያ እንዲሸፍን ሳቡት። የእኔ ላይ አለ፤ አያምርም፤ አሸዋ ግን አያሳልፍም።