ላይቩን ላዳነልን ልጅ

አባባ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የዶክትሬት ጥናቱን የሚከላከለው በዚያው ሳምንት ነው። በዩቲዩብ በቀጥታ ይተላለፋል ተባለ፤ ሲያልቅ ግን ቪዲዮው ከዩቲዩብ ላይ ይጠፋል። አባባ ደግሞ ሲሻለው ማየት አለበት።

ከዚህ በፊት አንድ ላይቭ በስልኬ ስቀዳ መሀል ላይ ባትሪው አልቆ፣ ፋይሉ አልከፈት ብሎኝ ቀርቷል። ስለዚህ ለብቻዬ አልደፈርኩም። አንድ ወዳጄ ይህን የቪዲዮ ባለሙያ ጠቆመችኝ።

መጀመሪያ የጠየቀኝ «ለመቅዳት ፈቃድ አላችሁ?» ብሎ ነው። ወንድሜ አስፈቅዶ ነበር። ከዚያ በስልክ እየመራኝ ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባል ስክሪን የሚቀዳ ፕሮግራም ጫንኩ፤ ነጻ ነው። «እህቴ፣ ኤምፒፎር አይሁን፣ ኤምኬቪ ላይ አድርጊው» አለኝ። ሁለቱም የቪዲዮ ፋይል ዓይነቶች ናቸው። ለምን ስለው ሙከራ አስጀመረኝና «አሁን ኮምፒውተሩን በጉልበት አጥፊው» አለ። እየፈራሁ አጠፋሁት። መልሼ ስከፍት ቪዲዮው እስከተቋረጠበት ድረስ ቁጭ ብሏል! የተለመደው ኤምፒፎር ፋይሉን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ማውጫ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ በመሀል ከተቋረጠ አይከፈትም። ኤምኬቪው ካለቀ በኋላ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ «ሪሙክስ» በሚለው ወደ ኤምፒፎር ይቀየራል፤ ጥራቱ አይነካም።

«የዲስክ ቦታሽንም አሳዪኝ» አለ። በሰከንድ 6 ሜጋቢት ከተቀዳ ለ1 ሰዓት 2.7 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል።

እሱ በበኩሉ በራሱ ማሽን ዋይቲ-ዲኤልፒ የሚባል ቪዲዮ የሚያወርድ ፕሮግራም አስነሳ። ይሄኛው ስክሪን አይቀዳም። የሚተላለፈውን ቪዲዮ ራሱን በቁርጥራጭ እያወረደ ይገጣጥማል። ስልክ ቢጮህ ድምፁ አይገባበትም። አስተላላፊው ወደኋላ መመለስን ካልዘጋ ደግሞ፣ ዘግይቶ የጀመረ ሰው እንኳ ላይቩን ከመነሻው ማውረድ ይችላል።

በዕለቱ የኔ ኢንተርኔት ተቆረጠ። እኔ በቀዳሁት ላይ 4 ደቂቃ ሙሉ ክቡ ብቻ ይዞራል። ያቺ 4 ደቂቃ ወንድሜ አባባን በስሙ ጠርቶ ያመሰገነባት ነበረች። ባለሙያው ጋ ያለው ግን ሙሉ ነው። ማታውኑ ላከልኝ።

አባባ ትናንት አይቶታል። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ሦስት ጊዜ አስመለሰኝ።

ላይቩን ያዳንክልን ልጅ፣ እጅህ ይባረክ። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለነገረኝ ነው የተውኩት። የማይደገም ላይቭ የሚያስቀዳ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛለሁ። ቢቻል ከቀኑ ቀደም ብላችሁ ጠይቁት፤ ሙከራውን ሳይሠራ አይጀምርም።