አርቪያችሁ ላይ ሶላር ለምታስገጥሙ፦ ቀሪውን ሒሳብ ሳትከፍሉ ጣራው ላይ ውጡ

በዴንቨርና በአውሮራ አካባቢ የምትኖሩ፣ አርቪ (ውስጡ እየታደረ የሚጓዙበት መኪና) ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች፣ ሶላር እገጥማለሁ የሚለውን የዚህን ዓይነቱን ጋራዥ ጠባይ እኔ ባልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ግማሹን ቀብድ ይቀበላል፤ «ለሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ዋጋ አልነካውም» ይላል፤ ቡና ያስቀርባል፤ ስለ ዋስትና ሲጠየቅ ደረቱን ይመታል። እኔም ሦስት ባለ 200 ዋት ፓኔሎችን ከነመቆጣጠሪያቸው ለማስገጠም 2,800 ዶላር በካሽ የከፈልኩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ደረሰኙ ላይ የማይዝግ ቪቴ ለብቻው ተጽፎ ዋጋ ተቀምጦለታል፤ የጋራዡ ባለቤትም ፓኔሎቹን ጣራው ላይ በሚይዙት የብረት እግሮች በእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቪቴ ኮምፔንሳቶውን አልፎ የጣራው ተሸካሚ እንጨት ላይ እንደሚመታ በገዛ አንደበቱ ነግሮኛል።

ዋዮሚንግ ውስጥ ከላራሚ ወደ ሮሊንስ በሚወስደው አይ-80 አውራ ጎዳና ላይ ያለው ነፋስ ምን እንደሚመስል በዚያ በኩል ወደ የሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ የነዳ ሁሉ ያውቃል። ኤልክ ማውንቴን አካባቢ ስንደርስ የፊተኛው ፓኔል ተነቅሎ፣ በገመዱ ተንጠልጥሎ ጣራውን ይደበድብ ጀመር። ገመዱ ባይዘው ኖሮ ከአሥር ኪሎ በላይ የሚመዝን መስታወት ከኋላችን በሚመጣው መኪና ላይ ያርፍ ነበር። ጥግ ይዘን ቆምን፤ ፓኔሉን አውርደን ወደ ውስጥ ካስገባን በኋላ ቀስ እያልን ሮሊንስ ደረስንና፣ ሌሎቹም እንዳይከተሉት ለማየት ነዳጅ ማደያው ጋ ጣራው ላይ ወጣሁ።

በእያንዳንዱ የፓኔል እግር ላይ ሁለት ሁለት ነጭ የማሸጊያ ጉብታዎች አሉ። ቪቴ ተመትቷል ብሎ ላመነ ሰው፣ ውኃ እንዳያስገባ የተሸፈነ የቪቴ ራስ ይመስላሉ። አንዱን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ወደ ውስጥ ሰረገደ። በመኪናው ቁልፍ ፋቅሁት፤ ከሥሩ ባዶ ቀዳዳ ወጣ። ቀጥሎ ያለውንም ፋቅሁት፤ እሱም ባዶ ነው። ሁሉንም አዳረስኩ፤ ጣራው ላይ አንድም ቪቴ የለም። ብረቱን የያዘው ከሥሩ የተለጠፈ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ብቻ ነበር። የተነቀለው ፓኔል እግር ላይ ፕላስተሩ እንዳለ ነው፤ የለቀቀው ጣራው የተሸፈነበት ጎማ ነው፤ ነጩ ሽፋን ተገሽልጦ ከብረቱ ጋር ሄዷል፣ ጥቁር ጀርባውም ወደ ላይ ዞሯል፣ በቦታው ኮምፔንሳቶው እርቃኑን ቀርቷል።

ቪቴ መምታት መርሳት ስንፍና ሊባል ይችላል። ባልተመታ ቪቴ ላይ ጉብታ እየሠሩ መሄድ ግን ታስቦበት የሚደረግ ነገር ነው። ያን ዕለት የእንግዳ መቀመጫው ላይ ሆኜ የትራፓኖ ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ ለካስ ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ ሲበሱ ኖሯል።

ፕላስተሩን መውቀስ አይገባም። ቪኤችቢ የሚባለው ፕላስተር ለስላሳ በሆነ የብረት ወይም የፋይበርግላስ ጣራ ላይ፣ ቦታው በአልኮል ተጠርጎና በደንብ ተጭኖ ሲለጠፍ ጠንካራ ነው፤ ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝም ሦስት ቀን ያህል ይፈልጋል። ኢፒዲኤም በሚባለው የጎማ ጣራ ላይ ግን የሚጨብጠው ጎማውን ብቻ ነው፤ ጎማው ደግሞ ከኮምፔንሳቶው ጋር የተያያዘው በሙጫ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋስ ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከተማ ውስጥ በ35 ማይል ሲነዱ ንቅንቅ ያላለ ፓኔል በ70 ማይል፣ ያውም የፊት ነፋስ ሲጨመርበት፣ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ኋላ ጣራውን ያየልኝ ሌላ ባለሙያ እንደነገረኝ ጉብታዎቹም ቢሆኑ ሲሊኮን ናቸው፤ ሲሊኮን የጎማ ጣራን በቅጡ አይዝም፣ ተፍቆ ካልጠራም ለዚህ ጣራ የተሠራው ትክክለኛ ማሸጊያ በላዩ አይጣበቅም።

ወደ ጋራዡ ስመለስ ባለቤቱ የተሰበረውን ፓኔል ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። «ወንድሜ፣ ዋዮሚንግ ሂድ ብዬሃለሁ እንዴ?» አለኝ፤ ሠራተኞቹ ሳቁ። ቪቴዎቹ የት እንዳሉ ስጠይቅ አንዱ ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አውሮፕላን የሚያጣብቁበት ነው፤ ጣራዎን ስላልበሳንብዎት ሊያመሰግኑን ነው የሚገባው» አለኝ። ደረሰኙን አውጥቼ ቪቴ የሚለውን መስመር ባሳየው፣ ባለቤቱ ከእጄ ተቀብሎ አነበበና አጥፎ የደረት ኪሴ ውስጥ መልሶ ከተተው፤ ከዚያም ኪሴን በመዳፉ መታ መታ አደረገልኝ። ዋስትናው የተፈጥሮ አደጋን እንደማይጨምር የነገረኝ እጁን ከኪሴ ላይ ሳያነሣ ነው። ከ2,800 ዶላሩ ይልቅ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ እጅ ነው።

ሶላር ልታስገጥሙ ያሰባችሁ፣ ቪቴው እንጨት ላይ ሲመታ ቆማችሁ ፎቶ አንሡ፤ የማሸጊያውን ዓይነት ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት መሰላል አስመጥታችሁ ጉብታዎቹን በጣታችሁ ጫኑ። ይህን የማያስደርግ ጋራዥ ከሆነ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። በቅርቡ ያስገጠማችሁ ደግሞ ረጅም መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ጣራችሁን እዩ።